ዘርፈሽ አረቄ የተወች ጊዜ

የዘርፈሽን አረቄ ያልቀመሰ የጌዶ ሰው ገና ያልተወለደው ብቻ ነው ይባል ነበር። ባሏ የነቀምቴ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት፣ ዘመዶቹ በሬውንም መሬቱንም ወሰዱና ለእሷና ለሴት ልጆቿ አንድ ጋን ተዉላቸው። ጋን ደግሞ አይበላም። አረቄ አወጣችበት።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው አዲሶቹ የወንጌል አማኞች ጌዶ ገቡ። መጀመሪያ በሣር ጎጆ ጸለዩ፤ ብዙም ሳይቆይ ጎጆው ቆርቆሮ ለበሰ፤ ከዚያ ሰዉ በመስኮት ተንጠልጥሎ መስማት ጀመረ። አብዛኞቹ የዘርፈሽ ደንበኞች ነበሩ። ዋነኛው ደንበኛ፣ የከብት ነጋዴው ኦቦ ጉርሙ፣ የጉባኤው ሽማግሌ ሆኑ። ምስክርነት ሲሰጡ፣ «እዚያች ሴት ደጃፍ ቦይ ውስጥ ወድቄ ጌታ አነሣኝ!» ይላሉ። ከቦዩ እየጎተተች ቤታቸው ታደርሳቸው የነበረችው ዘርፈሽ ናት። ይህ ግን ምስክርነቱን ያስረዝመዋል።

አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ በከተማው ችግሮች ላይ ሊመክሩ ተቀመጡ። ጭሰኛው በትራክተር ምክንያት ከመሬቱ ይፈናቀላል። ወጣቱ ሥራ ፈቷል። ሴቶች ከገጠር ፈልሰው ቡና ቤት ይገባሉ። የመሬቱ ጉዳይ የመንግሥት ነው ተብሎ ታለፈ፤ ሥራ ማጣቱ የዘመን ፍጻሜ ምልክት ሆነ። ብዙ ተመክሮ የጌዶ ችግር ሁሉ ሥሩ ተገኘ፦ ዘርፈሽ። ቤቷ እንዲዘጋ ጾምና ጸሎት ታወጀ።

ጸሎቱ ተሰማ። ለዚህ የተዘጋጀ ግን አልነበረም።

እሑድ ዕለት ዘርፈሽ ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና መሐል ቆመች።

«ትቻለሁ፤ ጋኑንም ሰብሬዋለሁ» አለች።

እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ኦቦ ጉርሙ አለቀሱ። ዘርፈሽ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀችና፣ «እንግዲህ ነገ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ብላ ጠየቀች።

ኦቦ ጉርሙ እንባቸውን ጠረጉ።

«እግዚአብሔር ያዘጋጃል፣ እህቴ» አሉ ኦቦ ጉርሙ።

«በማን እጅ?»

«እንጸልይበታለን።»

ሰኞ ልክ በምሳ ሰዓት ዘርፈሽ ልጆቿን አስከትላ ኦቦ ጉርሙ ቤት ደረሰች። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው አዴ አስያ ነበሩ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ አስያ። ትናንት ወንድምና እህት ሆነናል ተባልኩ። ወንድሜ ቤት ምሳ ደርሷል?»

አዴ አስያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አስገቧቸው። በማግስቱ ዘርፈሽ ሌላ ሽማግሌ ቤት ሄደች፤ ከዚያም ሌላ። ሽማግሌዎቹ እንደዚያ ሰሞን ተግተው ጸልየው አያውቁም። ኦቦ ጉርሙ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ወደ ከብት ገበያ መሸሽ ጀመሩ። ዘርፈሽ ግን በንዴትም በመሽኮርመምም አልበላችም፤ ልጆቿ መጥገባቸውን ብቻ እያየች ትጎርስ ነበር።

ተራው ዞሮ እንደገና ኦቦ ጉርሙ ቤት ሲደርስ አዴ አስያ ባላቸውን ያዟቸው።

«ከጸሎት ቤቱ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ባዶ ነው። ምድጃ ይሠራላትና ዳቦ ትጋግር። የነቀምቴ ሾፌር ሁሉ እዚህ ቆሞ ሻይ አይደል የሚጠጣው?»

«ጉባኤው ሊወያይበት ይገባል።»

«ይወያይ። እኔ ደግሞ ውይይቱ እስኪያልቅ ምሳ አልሠራም፤ ለእርስዎም።»

በጉባኤው ታሪክ እንዲህ ፈጥኖ ያለቀ ውይይት የለም።

ዳቦው ተወደደ። ሾፌሮች መኪናቸውን እያቆሙ ትኩስ ትኩሱን ይዘው ይሄዱ ጀመር። ቡና ቤት የነበሩ ሁለት ሴቶችም መጥተው ሥራ ጠየቋት፤ ዘርፈሽ የምን እምነት ተከታይ እንደሆኑ ሳትጠይቅ ሊጥ እንዲያቦኩ አዘዘቻቸው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ ኦቦ ጉርሙ ወደ ጓሮ ይወስዷቸውና፣ «ይህ ጉባኤያችን በብዙ ምጥ የወለደው ራእይ ነው» ይላሉ። ምጡስ ውሸት የለበትም። አዴ አስያ ከኋላ ሻይ ይቀዳሉ።

ዘርፈሽ ልጆቿን በዳቦው አሳድጋ ዳረች። በጉባኤው ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ መዝሙሩንም ታውቀዋለች። በየወሩ የማርያም ዕለት ብቻ ምድጃው አይነድም። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ «ወገቤን ያመኛል» ትላለች። ወገብ ቀን ቆጥሮ እንደማይታመም ሁሉም ያውቃሉ። ያለ ዳቦ መቅረትን የደፈረ ግን ስላልነበረ፣ እጃቸውን ጭነው ለወገቧ ጸለዩላት።