የቅሬው በርሜሎች

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጀልባና የውኃ ታንከር ፋብሪካ አስጎብኝቼ ነበር። አስጎብኚው ባለቤቱን እያወደሰ፣ «የመጀመሪያ ጀልባውን የሠራው ገና ተማሪ ሳለ ነው» ሲል አንዷ ልጅ፣ «ታዲያ ያቺ ጀልባ የት ገባች?» አለች። እሱ አላወቀም። እኔ አውቃለሁ።

ባለቤቱ ይማም ደሴ ላይ ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ከትምህርት መልስ ፒያሳ አጠገብ ካለ ጋራዥ ብየዳ ይማራል። አንድ በርሜል ውኃ ላይ ይንከባለላል፤ ሁለት በርሜል ጎን ለጎን ታስሮ ጣውላ ሲነጠፍበት ግን አይገለበጥም። ይህን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ የማስተምረውም በእሱ ምሳሌ ነው። ችግሩ፣ በሰፈራችን በርሜል ያለው ቅሬው ብቻ ነበር።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ለወሎ ሰው ግን ከዚያም ይከብዳል። ለቀስተኛ የሚጠጣው፣ ጀናዛ የሚታጠብበት ውኃ የሚቀመጠው በእነዚያ በርሜሎች ነው። ይማም፣ «በሰፈሩ የታመመ ሰው የለም፤ እስከ ጁምዓ እመልሳቸዋለሁ» ብሎ ሳያስፈቅድ ወሰዳቸው። ክፍት አፋቸውንም በላሜራ በየደ።

ክረምቱ ወጥቷል፤ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። ጀልባዋን በአይሱዙ ጭነን ሐይቅ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሳቁብን።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ሐጅ ልትሄድ ነው?»

«ኢንሻአላህ! እርስዎንም አሳፍራለሁ።»

ተንሳፈፈች። ይማም ጣውላው ላይ ቆሞ እየጮኸ ጨፈረ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ሰፈሩ ለቅሶ ላይ ነው። ጠዋት ሱቁን የከፈተ ጤነኛ ጎረቤታችን ድንገት ወድቆ ሞቷል። ሴቶቹ ውኃ በጀሪካን ከየቤቱ ያግዛሉ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሰይድ የይማምን እናት፣ ባል የሞተባቸውን እትዬ ዘይነብን አስጠሯቸው።

«በአላህ ይሁንባችሁ፣ ልጅ ነው» አሉ እትዬ ዘይነብ።

«ልጅ ቅሬ የለውም። ቅሬ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ከቅሬ አስወጧቸው።

ይማም በማግስቱ ጀልባዋን ፈታ፤ ላሜራውን ቆርጦ በርሜሎቹን መለሰ። ሽማግሌ ላከ። «ይታሰብበታል» ተባለ። እየታሰበበት እትዬ ዘይነብ ታመው ሞቱ።

ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ አየን፤ መጥቶ የተሸከመልን የለም። ቃሬዛው የቅሬው ስለሆነ፣ እናቱን የተሸከምናቸው በጀልባዋ ጣውላ ላይ ነው። ከመስጊድ የተከተሉን ጥቂት እንግዶች ሰገዱላቸው። ጣውላውንም አፈር ከመመለሱ በፊት መቃብሩን ከደንበት። ጀልባዋ እዚያ ናት።

የፋብሪካው ጉብኝት ሲያበቃ አስጎብኚው አንድ ትልቅ ታንከር አሳየን። ጎኑ ላይ «ዘይነብ» የሚል ተጽፎበታል።

«ይሄኛውን ለቅሬዎች በነፃ ይሰጣል። እንዴት ያለ ደግ ሰው መሰላችሁ!»

ደግነት ይሁን ሌላ ነገር እኔ አላውቅም። እኛ ሰፈርም አንዱ ቆሟል። ሰው በሞተ ቁጥር፣ ያን ቀን በየበራቸው ቆመው ያዩን ሰዎች ከእትዬ ዘይነብ ስም ሥር እጃቸውን ይታጠባሉ።