ወደ ምሥራቅ ያዞርኳት ቤተ ክርስቲያን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ከራሴ ጋር ግን እስካሁን አልታረቅሁም።

እዚህ ሰው አገር፣ ሳክሲ በምትባል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ጣሊያናዊ አዛውንት ተቀጥሬ እንከባከብ ነበር። ስማቸው ፒየትሮ ነው፤ እኔ ፓፓ እላቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ልጃቸው ካርላ ፍሪስኮ በምትባል ሌላ ከተማ ቢሮ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።

ከመኝታ ቤታቸው በር ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዓይናቸው ደኅና ሳለ ራሳቸው የሠሯት ናት። የተወለዱበት የተራራ መንደር አርባ ቤት አይሞላም፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን ስምንት መቶ ዓመት አልፏታል አሉኝ። ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቶቿ ቀጫጭን፣ የደወል ማማዋ አራት ማዕዘን ነው። መቅደሷ ያለበት ጀርባዋ ደግሞ ግማሽ ክብ ነው። “የእኛ አገሩ ሙሉ ክብ ነው” ስላቸው፣ “እኛ ድንጋይ አልቆብን ነው” ብለው ሳቁ።

ጠዋት ሲነሡ ማማዋን ይዳስሳሉ፤ ቀጥለው ትንሿን በር በጣታቸው ነክተው ወደ መታጠቢያ ቤት ይሄዳሉ። እኔ እየተሳለሟት መስሎኝ ነበር። ደጀ ሰላም ስትሳለም ላደገች ሴት ሌላ ምን ሊመስላት ይችላል?

አንድ ሐሙስ ጠዋት ተኝተው ሳለ አቧራ ስጠርግ፣ መቅደሷ ወደ ሰሜን መሆኑን አስተዋልኩ። መቅደስ ወደ ምሥራቅ ነው እንጂ! ደግ የሠራሁ መስሎኝ አዞርኳትና ቁርሳቸውን ልሠራ ኩሽና ገባሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ወደ ሳሎን ከሚያወርዱት ሦስት ደረጃዎች ሥር ወድቀው ያቃስታሉ። ለካ የቤተ ክርስቲያኗ በር የሚያመለክታቸው መታጠቢያ ቤቱን ኖሯል! እኔ ወደ ደረጃው አዙሬዋለሁ።

አምቡላንስ ጠርቼ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ። ሳይረኑን ስሰማ ግን ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያኗን እንደነበረች መለስኳት።

ካርላ እንዴት እንደወደቁ ስትጠይቀኝ፣ “ኩሽና ነበርኩ፤ አላየሁም” አልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና የሥራ ሪፖርቱ ላይም ያንኑ ጻፍኩ። ለባለቤቴ ስነግረው፣ “ማለቴ፣ ሆን ብለሽ አላደረግሽው። ሶ የሥራ ላይሰንስሽን ለምን ታጫለሽ? ዝም በይ” አለኝ። ዝም አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪሃብ በሚሉት ማገገሚያ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የተሰበረው ዳሌያቸው እየዳነ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ሰው ሆነዋል።

“በሩን ነክቼ ነው የሄድኩት” አሉኝ። “እሱን ነክቼ ከጠፋሁ አእምሮዬ አልቋል ማለት ነው። ቤቱን ሽጪው ብያታለሁ ለካርላ። ነርሲንግ ሆም ገብቼ እዚያው እጦራለሁ።”

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማዞሬንም፣ መልሼ ማዞሬንም።

“ወዴት ነበር ያዞርሻት?” አሉኝ።

“ወደ ምሥራቅ፣ ፓፓ።”

“የመንደራችንም ወደ ምሥራቅ ናት” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። “ጭንቅላቴ ደኅና ነዋ!”

ለካርላ ያኔውኑ ደወልኩ። ቤቱ ግን በዚያው ሳምንት ተሸጦ ነበር። ዳግመኛ እንዳልደውልላት ነገረችኝ፤ ከሥራዬም ተሰናበትኩ። አልተቀየምኳትም።

አሁን ፓፓ ፎርት ዎርዝ ከተማ ነርሲንግ ሆም ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየነዳሁ እሄዳለሁ። ይቅር ብለውኛል፤ ደጋግመው ነግረውኛል። ባላዋቂነት ማዞሬን እኔም ለራሴ ይቅር እላለሁ። የመለስኳት ግን አውቄ ነው፤ እሱ አይለቀኝም።

ቤተ ክርስቲያኗ አልጋቸው አጠገብ ናት። “አቧራዋን ጥረጊልኝ” ይሉኛል። ሳላነሣት፣ ባለችበት እጠርጋታለሁ። ስጨርስ ያመሰግኑኝና እጃቸውን ዘርግተው በሯ ወዴት እንደሆነ ይዳስሳሉ።

አይፈረድባቸውም።