ቆርቆሮው የወረደባት መተላለፊያ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ስንገባ ካስደሰቱኝ ነገሮች አንዱ አጥሩ ነበር። ግቢያችንን ከመንገዱ የሚለየው ረጅም ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ወዲህ ኮሙናል የምንለው የጋራ ማብሰያና ማጠቢያ ቤት አለ። በቆርቆሮውና በኮሙናሉ ድፍን ግድግዳ መካከል የምታልፈው ቀጭን መተላለፊያ ሰርቪስ የምሳፈርበት ቦታ ታደርሰኛለች። የምሠራው ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ካልወጣሁ ሰርቪሱ ጥሎኝ ይሄዳል።

አንድ ማለዳ እዚያች መተላለፊያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ያዙኝ። አንዱ አፌን ሲያፍነኝ ሌላው ቦርሳዬን ቀማኝ። ሲለቁኝ ጮህኩ። ጎረቤቶቼ ሰምተውኝ ነበር፤ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቁም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ባለቤቴ እጄን ይዞ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየሸኘኝ ነበር የምወጣው።

እሑድ ነዋሪው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር "አጥሩን ከፍ አድርገን ላዩ ላይ እሾሃማ ሽቦ እንዘርጋ" አሉ። አጨበጨብን፤ እኔም ጭምር። ምድር ወለል ላይ የሚኖሩት አባባ ግን እጃቸውን አወጡ። ቤቶቹ ሳይሠሩ በፊት እዚሁ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

"ሊቀ መንበር፣ እስቲ መተላለፊያው ውስጥ ገብተው ይቁሙልን" አሉ።

ሊቀ መንበሩ እየሳቁ ሄዱ። አባባ ወደ እኛ ዞረው፣ "አሁን ሰውዬው ምን እያደረጉ ነው?" ብለው ጠየቁን።

አንገታችንን አሰገግን። ማን ያውቃል?

"እሳቸውን ካላየን ሌባውንም አናየውም። ይሄ አጥር የሚሸሽገው እሱን ነው። እኛ ቀዬ ከደጄ ቆሜ የጎረቤቴን በር አይ ነበር፤ ጎረቤቴም የእኔን።"

ሊቀ መንበሩ ሲመለሱ ሳቃቸው ጠፍቷል። "እውነቱን ልንገራችሁ" አሉ፣ "በጠራራ ፀሐይ እዚያ ብቻዬን ስቆም ፈራሁ። እኔ ተሳስቻለሁ።"

በወሩ ቆርቆሮው ወርዶ ወዲያና ወዲህ የሚያሳይ የሽቦ አጥር ተተካ። የኮሙናሉ ድፍን ግድግዳ ተፈልፍሎ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች ወጡለት፣ አምፖልም ተሰቀለ። እኔ ግን አሁንም ብቻዬን ለመውጣት ልቤ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን ባለቤቴ ታሞ ተኛና የግዴን ወጣሁ። መተላለፊያዋ መሐል ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስፈጥን ፈጠነ።

"ደህና አደርሽ የኔ እናት!" የሚል ድምፅ ከመስኮቱ መጣ። ልብስ ለማጠብ ማልዳ የተነሳች ጎረቤቴ ናት፤ እጇ አረፋ በአረፋ ሆኗል። "አንተስ ወንድም፣ ማንን ፈልገህ ነው?"

ሰውየው መልስ ሳይሰጥ በመጣበት ተመለሰ። እሷም ሰርቪሱ እስኪመጣ ከመስኮቱ አልተነቃነቀችም።

ማታ አባባን ላመሰግን ሄድኩ። "እርስዎ ባይኖሩ ሥራዬን ልተው ነበር" አልኳቸው።

"እኔማ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ ልጄ" አሉኝ። "ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ነው የሚከብደው። ሂጂ እሳቸውን አመስግኚ።"

ከዚያው ወጥቼ የሊቀ መንበሩን በር አንኳኳሁ።