የኳስ ወርዋሪው እጅ

ባለፈው እሁድ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ስመልሳት በቤዝቦል ሜዳው በኩል አለፍን። በሩ ላይ በቆመው የነሐስ ሐውልት ላይ ፀሐይ አርፋበት፣ ኳስ የጨበጠው እጅ የሚሞቅ ይመስል ነበር። ፊቱና ቁመናው የታላቁ ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ጣቶቹ ግን የእኔ ናቸው።

ዛሬ ሽበት ጣል ጣል አድርጎብኛል። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኮሮና ካዚኖዎቹን የዘጋበት ዓመት። የእንግዶችን መኪና ፓርክ እያደረግኩ የምሠራበት ሆቴል ሲዘጋ ምግብ ቤት ለቤት ማድረስ ጀመርኩ። ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ዋና ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ፣ መብራቱ እንደ ወትሮው ይንቦገቦጋል፣ ሰው ግን የለም፤ በሌላ ሰው ህልም ውስጥ የምነዳ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አርትስ ዲስትሪክት በሚባለው የሠዓሊዎች ሰፈር ለምትሠራ ቀራፂ ሳንድዊች ሳቀብላት ዓይኗ እጄ ላይ ቀረ።

"እንዲህ ያለ ረጅም ጣት ስፈልግ ከረምኩ" አለችኝ።

ኳስ ወርዋሪው ከጥቂት ወራት በፊት በኮሮና ሞቶ፣ ሐውልቱን የምትሠራው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እየሄድኩ ኳስ ይዤላት እቆም ጀመር። የምትሠራበት ክፍል እርጥብ ጭቃና ሰም ይሸታል። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር አልነበረም፤ መጀመሪያ ቀን ኳሱን እንደ በሶ ጭብጦ ጨብጬው በሳቅ ገደልኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሟቹ ባለቤት አንተም ከሚባለው የጡረተኞች ሰፈር መጡ፤ ፀጉራቸው የነጣ ቀጭን አሮጊት። የጭቃውን ሐውልት ቀስ ብለው ዞሩት። ፊቱን ወደዱት። እጁ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ኳሱን እንዲህ አልነበረም የሚይዘው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "የተለያየነው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። እጁን ሳልይዘው ሞተ። ያንተን ልያዘው?" አሉኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቤት እናቴ አለች፣ አስም አለባት።"

"ይቅር ልጄ፣ ይቅር" አሉ ቶሎ ብለው።

ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ ውጭ ወጣሁና ለእናቴ ደወልኩ። ያኔ ሰው ከሰው የሚሸሽበት ጊዜ ነበር፤ የጎረቤት ሰላምታ እንኳ ከሩቅ ነው። ነገሩን ነገርኳት።

"ምኑን ትጠይቀኛለህ? ስጣቸው እንጂ" አለች። "ታጥበህ ትገባለህ።"

ተመልሼ እጄን ዘረጋሁ። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ያዙትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀራፂዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ አሮጊቷ ኳሱን አንስተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን አስያዙልኝ።

"አሁን እሱን ሆነ" አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐውልቱ ሲመረቅ እናቴ አብራኝ ነበረች። አሮጊቷ እቅፍ አድርገው ይዘዋት ብዙ ቆዩ። እናቴ እንግሊዝኛ እምብዛም ስለማትችል እሷም መልሳ አቀፈቻቸው።

እሁድ ዕለት ሐውልቱን አልፈን ስንሄድ፣ ስንት ዘመን ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ያን ቀን ፈርተሽ ነበር?"

"እንዴት አልፈራ! ሳምንቱን ሙሉ ትንፋሼን ሳዳምጥ ነው የሰነበትኩት" አለችና በመስኮቱ ተራራ ተራራውን ታይ ጀመር።

መሪውን ወደ ቤታችን አዞርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን እጁን የሰጠሁት እኔ ይመስለኝ ነበር።