ግማሽ ማንኪያ

ጓደኞቹ «ብሩሽ» ይሉታል። ቤት ቀለም ቀቢ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የአራት ዓመት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። የልጅቷ ቶንሲል በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሆስፒታል ሲሸኙ ሐኪሙ፣ «ቀላል ነገር ነው። ዋናው ውሃ መጠጣቷ ነው፤ ካልጠጣች ቁስሉ ደርቆ ሊደማ ይችላል» አለው።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጥርሷን ገጥማ አፌን አልከፍትም አለች። በኩባያ ቢል በማንኪያ ቢል እምቢ። ቀለም የጠገበ ኮፍያውን ገልብጦ አድርጎ ጨፈረላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ አሁን ምራቋን እንኳ መዋጥ ፈርታ በከንፈሯ ጥግ እያዝረበረበች ዝም ብላ አየችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከነጋ ሽንቷን አልሸናችም።

«የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ፤ ለአባዬ ስትይ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ጠጪ እኮ ነው የምልሽ!»

ኩባያው ከእጁ አምልጦ ውሃው አልጋው ላይ ተደፋ። ልጅቷ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች፤ ማልቀሱም ያማታል። እሱ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እናቷንም ያጣት እንዲሁ ነው፣ ሐኪሞች «ደህና ናት፣ አታስብ» ሲሉት ቆይተው።

ሲጨንቀው ወደ ሆስፒታሉ ደወለ። ነርሷ፣ «የሕመም ማስታገሻውን ስንት ትሰጣታለህ?» አለችው።

«ግማሽ ማንኪያ።»

«ሙሉ አይደል እንዴ የታዘዘው?»

«መድኃኒት ሲበዛ እንዳይጎዳት ፈርቼ ነው እህቴ።»

«ስለሚያማት እኮ ነው የማትጠጣው፣ ወንድሜ። መጨረሻ የሰጠሃት መቼ ነው?»

«ሲነጋ።»

«እንግዲያው ሰዓቱ ደርሷል፤ ሙሉውን ስጣት። ግማሽ ሰዓት ቆይታም ካልጠጣች ይዘሃት ና።»

ሦስት ቀን ሙሉ በገዛ እጁ ሲያሠቃያት ኖሯል! መድኃኒቱን ጉንጯ ውስጥ በጠብታ በጠብታ አደረገላት። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ውሃ ሲያቀርብላት ፊቷን አዞረች። ሊወስዳት ጫማዋን እያጠለቀላት ሳለ በሰለለ ድምፅ፣ «ውሃ» አለች።

ፊቷን ጨምድዳ ሁለቴ ተጎነጨች። ቆይታ ደግሞ ሦስቴ።

«አባዬ፣ ጮህክብኝ» አለችው።

«አዎ፣ ጮህኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

ስለ ማንኪያው ሊነግራት ግን አልደፈረም።