የወንድሜን ምንሽር ያስረከብኩ ጊዜ

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ወተቱን ሰበታ አድርሶ ሲመለስ እኔ ገና አልጋ ውስጥ ነበርኩ። በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ማሙሽ፣ ተነስ። መንግሥት ይጠብቀናል» አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼም ማሙሽ ነበር የሚለኝ። የሚጠብቀን መንግሥት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። የጠመንጃ ምዝገባ ሊጀመር ነው ተብሎ፣ መሣሪያ ያለውም የሌለውም ለስብሰባ ተጠርቷል።

ቤታችን ፉሪ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ገብስ የሚዘራ ሰው አሁንም አለ፤ ከእኛ በታች ግን በየጊዜው አዲስ ቆርቆሮ ይታያል። ላሞች አሉን። ጅብም አለ፣ የላም ሌባም አለ። ለዚህ ብሎ አባታችን አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ይዞ ነበር። እሱ ሲያርፍ ቀበሌው ወረቀቱን ወደ ወንድሜ ስም አዞረለት። ያኔ ነገሩ ቀላል ነበር። ሽማግሌዎች መሰከሩ፣ ማኅተም ተመታ፣ አለቀ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት ከፖሊስ የመጣች አንዲት ኢንስፔክተር ተቀምጣለች። በኦሮምኛ ተናገረችና በአማርኛ ደገመችው። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ መሣሪያውንና ጥይቱን ይዞ ጣቢያ ይመጣል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ የድሮው ወረቀት በአዲስ ፈቃድ ይለወጣል።

መጀመሪያ የተነሱት ጎረቤታችን ናቸው። ከአባታችን ጋር አብረው ያረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ አባባ እንላቸዋለን። በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ዛሬ አስመዝግቡ ትሉናላችሁ» አሉ። «ነገ ደግሞ የተመዘገበውን አምጡ ብትሉስ? የእኔን ቤት ለማግኘት አትቸገሩም፣ ስሜ አለ። ሌባው ግን ስሙን አልሰጣችሁም። ታዲያ ባዶ እጁን የሚቀረው ማነው?»

ጭብጨባ ሆነ። ከኋላ አንዱ፣ «ልክ ናቸው! ሌባ ተሰልፎ ሲመዘገብ ያየ አለ?» ብሎ ጮኸ።

ቀጥሎ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ፣ በእኛ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ሰው ተነሳ። «እኔ ጠመንጃ የለኝም» አለ። «እናንተ ግን ሠርግ ሲሆን ትተኩሳላችሁ፣ ለቅሶ ሲሆን ትተኩሳላችሁ። ልጄ ደስታ ይሁን ሐዘን ይሁን አያውቅም፤ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ተኳሹ ማን እንደሆነ የሚታወቅ ከሆነ እኔ ደስ ይለኛል።»

ለእሱ ያጨበጨበው ጥቂት ሰው ነው። ወንድሜ አጨበጨበ። ከዚያ ራሱ ተነሳ። እኔ አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ፤ ሲናገር ሰው እንደሚያስቅ አውቃለሁ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንቱን ጠመንጃ እኮ ከዚህ እስከ ተፍኪ የማያውቀው ሰው የለም። ያልሰማው መንግሥት ብቻ ነው።»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አባባም ሳቁ፤ በትራቸውን ግን አነሱበት። «አንተ ወተት ሻጭ! ቆይ ስንወጣ!»

ሳቁ ሲበርድ ወንድሜ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። «እኔ እመዘገባለሁ» አለ። «ከብቶቼን ስጠብቅ ሚሊሻ ቢያስቆመኝ ሳልደነግጥ ስሜን መናገር እፈልጋለሁ። ሕጋዊ ነኝ ብዬ ለራሴ ብቻ ብነግረው ምን ይጠቅመኛል? ግን እናንተም፣ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የተመዘገበውን ሰው በር እንዳትደበድቡ። አባባ የሚፈሩት እሱን ነው። እኔም እፈራዋለሁ።»

ኢንስፔክተሯ መለሰችለት። «ሕጉ ነገ ምን እንደሚል ቃል ልገባላችሁ አልችልም» አለች። «የእኔ ሥልጣን አይደለም። የምችለው የምረከበውን ሁሉ በደረሰኝ መረከብ ነው። እሱን አደርጋለሁ።»

መልሷ ለሰዉ አልጣመውም። እኔ ግን ወደድኩት። የማትችለውን አልችልም አለች።

አባባ እንደገና ተነሱ። «ሰው ሲሞትስ?»

«ፈቃዱ የሰውየው ነው» አለች። «ሰውየው ሲያርፍ እሱም ያበቃል። ቤተሰቡ መሣሪያውን ወዲያው ጣቢያ ያስረክባል። መውረስ የሚፈልግ ዕድሜው የደረሰ ሰው ካለ ያመለክታል፤ እስኪወሰን እኛ ጋ ይቆያል።»

«ታዲያ ለቅሶው ላይ ምን ልንይዝ ነው? ደረሰኙን?» አሉ አባባ።

አሁንም ሳቅ ሆነ። በእኛ ዘንድ ጠመንጃ የነበረው ሰው ሲሞት ጠመንጃው ከአስከሬኑ ጋር ይወጣል። ወንድሙ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይይዘዋል። ወንድሜም ከሌላው ጋር እየሳቀ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ግቢ ውስጥ ኬሻ አንጥፈን ምንሽሩን ወለወልነው። «ሰኞ መንግሥት ፊት ሊቀርብ ነው፣ ታጥቦ ይሂድ» አለ ወንድሜ። እናታችን የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረበችልን። እሱ ጥይቶቹን አውጥቶ ለእሷ ሰጣት፤ ሁልጊዜ የእሷ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ከዚያ ጠመንጃውን ለእኔ አቀበለኝ።

«ክፈተው።»

«አሁን አንተው አወጣኸው እኮ።»

«ክፈተው አልኩህ። ማንም ያውጣው ማን፣ እጅህ ሲገባ ትከፍታለህ። እኔን አትመን፣ ዓይንህን እመን።»

ማቀባበያውን ሳብኩት። ባዶ ነበር። ድንች አፉን ሞልቶት፣ «ጎበዝ፣ ኢንስፔክተር» አለኝ።

አባባ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ይኸውና! ወለወልክላቸው?»

«ያንቱንም ያምጡት፣ አብሬ ልወልውልዎት።»

«የእኔ የት አለና? ሸጥኩት።»

«መቼ?»

«አሁን፣ ከስብሰባው ስንወጣ።»

ወንድሜ እየሳቀ ድንች በአጥሩ አቀበላቸው። እዚያው ቆመው በሉ፣ ስለ ገብሱ አወሩ፣ ሚጥሚጣው በዝቷል ብለው እናቴን ወቀሷት።

ያን ቀን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የመጨረሻው መሆኑን ባውቅ ምን እለው ነበር እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። የሚጨመር ነገር አላገኝም። ድንቹ ትኩስ ነበር፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ስንሳሳቅ ውለናል። ቅር የሚለኝ ነገር የለም።

እሁድ ጠዋት እንደ ልማዱ ወተቱን ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ ወጣ። መንገዱ ረጥቦ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ተንሸራተተ። ማንም አልገጨውም። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። ስለ ጠመንጃ ስጽፍ የቆየሁ ስለሆነ፣ የሚያነብ ሰው በጥይት የሞተ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ወተት ሊያደርስ ወጥቶ ነው። ስለ አሟሟቱ ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልችልም።

ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆነ። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከተፍኪ ደረሰ። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ምንሽሩን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ዘቅዝቀህ ያዝ» አለኝ።

ያዝኩት። ኢንስፔክተሯ ያለችው ትዝ ብሎኛል። ትናንት ሕጋዊ የነበረው ጠመንጃ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የማንም አይደለም። እኔ ደግሞ አደባባይ ላይ ይዤው እየሄድኩ ነው። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እናቴ እያየችኝ፣ አልይዝም ማለት አልቻልኩም። ደግሞም መያዝ ፈልጌ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ከመድረሳችን በፊት ቆምኩ። ለቀስተኛው በግራና በቀኝ እያለፈኝ ሄደ። ሳልከፍት እንደተቀበልኩት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ማቀባበያውን ሳብኩት።

ጥይት ነበረበት።

አጎቴ ወዲያው አጠገቤ ደረሰ። «ዝጋው፣ ዝጋው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ነኝ ከእናትህ ሣጥን አውጥቼ ያጎረስኩት። አስከሬኑ ሲወርድ አንዴ ወደ ላይ ትተኩሳለህ።»

«አልተኩስም፣ ጋሼ።»

«እንዴት አትተኩስም? የወንድሜን ልጅ ዝም ብለን አፈር ልናለብሰው ነው?»

«ሕፃናት አሉ።»

«ወደ ላይ አልኩህ እኮ!»

«ወንድሜ አይወድም። ትናንት በተኩስ ለተማረረ ሰው አጨብጭቧል።»

«የምን ጭብጨባ? የት?»

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ጥይቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። አጎቴ ሊነጥቀኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ ገባሁ። አስከሬኑ ሲወርድ ከልቅሶው በቀር የተሰማ ድምፅ የለም። ያ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሰው መካከል ቆሟል። ልጁ የዛፍ ቅጠል ይበጥስ ነበር።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ አጎቴ ወደ እኔ ጠጋ አለ። አባባም አጠገባችን ነበሩ።

«ጠመንጃውን እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አለኝ። «ጭድ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በአዲሱ ምዝገባ አልገባም፣ ማን ይጠይቀናል? ዕድሜህ ሲደርስ ትወስደዋለህ። አንዴ እጃቸው ከገባ የአባትህን ዕቃ ተመልሰህ የምታየው መሰለህ?»

ክፉ አስቦ አይደለም። ወንድሙን የሚያስታውስበት ዕቃ ነው። እኔም ብሆን ከአባቴና ከወንድሜ እጅ የቀረኝ እሱ ነው፤ ሰደፉ ላይ የእጃቸው ወዝ አለ። ካስረከብኩት ላይመለስ ይችላል። ለትንሽ ጊዜ እሺ ልለው ፈልጌ ነበር። ወደ አባባ ዞርኩ፤ ቅዳሜ እንዲያ ስለተናገሩ ከአጎቴ ጋር ይስማማሉ ብዬ።

«እኔን አትየኝ» አሉ። «የእኔን ሐሳብ ታውቃለህ፣ ዛሬም አላምናቸውም። ግን ጠመንጃው የእኔ አይደለም። የእሱ ነው። እሱ ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ ተናግሯል።»

እናቴን ጠየቅናት። «እኔ ያጣሁት ልጅ ነው» አለች። «ስለ ብረት አትጠይቁኝ።»

ነገሩ ለእኔ ቀረ። በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ያን ጊዜም ቃሉ ተሳሰረብኝ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ... አንድ ቀን እንኳ ደብቆት አያውቅም» አልኩት። «ጭድ ውስጥ ከገባ ከሌባ ጠመንጃ በምን ይለያል? ነገ እወስደዋለሁ።»

«እንደ አባትህ ግትር ነህ» አለኝ አጎቴና ጋቢውን ተከናነበ። ስድብ ይሁን ምርቃት አልገባኝም። እንደ አባትህ ስላለኝ ግን ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ላሞቹን አለብኩ። ከእናቴ ሣጥን ጥይቶቹን ወሰድኩ፣ ኪሴ ያለውንም ጨምሬ በፌስታል አሰርኩ። ምንሽሩን ከፍቼ አየሁ፣ ዘጋሁ፣ በወንድሜ ጋቢ ጠቀለልኩት። አባባ በራችን ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ና፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ብቻህን ይዘኸው ስትሄድ ቢያስቆሙህ ማን ይመሰክርልሃል?»

ጣቢያው ጋ ወረፋ ነበር። ብዙ ሰው ይቀራል ቢባልም፣ ብዙ ሰው መጥቷል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን አይተው አሳለፉኝ። ለኢንስፔክተሯ የወንድሜን ስም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቅዳሜ የተናገረው?»

«አዎ።»

ከወንበሯ ተነሳች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። ከዚያ ጠመንጃውን ተቀብላ ራሷ ከፍታ አየች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ጥይቶቹን ጻፈች።

«ዕድሜህ ሲደርስ ማመልከት ትፈልጋለህ?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አሁንም አላውቅም።

ደረሰኙን ስትሰጠኝ ዓይኗ አባባ ላይ አረፈ። «እርስዎስ አባቴ?»

«እኔ ሸኚ ነኝ» አሉ ቶሎ ብለው።

ከወረፋው አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላውም፤ ኢንስፔክተሯም አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ሳቅሁ። በሐዘን ላይ መሳቅ ነውር ይመስለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልመሰለኝም።

የወንድሜን ጋቢ ለብሼ ከአባባ ጋር ዳገቱን ወጣሁ። ለቀስተኛ መምጣት ጀምሯል። ድንኳኑ በሌሊቱ ዝናብ ውኃ ቋጥሮ ነበርና በእንጨት ገፍቼ አፈሰስኩት፣ አግዳሚዎቹን ወለወልኩ፣ ለአጎቴም ደረቅ ቦታ ያዝኩለት።