የጠያቂ ጁስ

እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪም ቤት ተኝታ ከወጣች ወዲህ ጠያቂ አይጠፋም፤ ጠያቂ ደግሞ የታሸገ ጁስ ይዞ ይመጣል። የስኳር ሕመምተኛን በማንጎ ጁስ መጠየቅ ምን ይሉታል? እኛ ኮንዶሚኒየም ግን ወግ ነው።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ቢሮዬ ወጥቼ፣ ተሰልፌ፣ ታክሲ ቀይሬ የካ አባዶ ስደርስ የሰው መልክ የለኝም። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የካርቶን ጀርባ አነባለሁ። ፊት ለፊቱ በትልቁ «ተፈጥሯዊ» ይላል። ጀርባው ላይ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ ስኳር፣ ግሉኮስ ሽሮፕ። ብስኩቱም ያው ነው።

«እማ፣ ጠጣሽ?»

«ሰው ያመጣውን አልቀምስም ልበል? ለአፌ ያህል ነው።»

ለአፏ ያህል ያለችው ግማሽ ካርቶን ነው። ሐኪም ቤት ያስተኛት የእግሯ ቁስል ካልደረቀ ጣቷ ሊቆረጥ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮናል። ደከመኝ ሰለቸኝ የማይል ልጅ ይመሰገናል፤ እኔ ግን ደክሞኛል፣ ሰልችቶኛልም።

አንድ ጠዋት፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚመላለሱትን የታች ፎቅ ጎረቤታችንን ደረጃ ላይ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ከእንግዲህ ሲመጡ ምንም አይያዙ። ለሌሎቹም ይንገሩልኝ።»

«ኧረ ባዶ እጄን? የታመመ ሰው ቤት?»

«እግሯን ልታጣ ነው።»

«በስመ አብ! እሺ ልጄ።»

ስኳሯ ወረደ። ቁስሉ መድረቅ ጀመረ፤ ሐኪሙም አመሰገነኝ። ጠያቂዎቹ ግን ቀሩ። ባዶ እጅ ከመግባት መቅረቱ ቀለላቸው። ማታ ስመጣ እናቴን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

«ሰውን ምን በድዬው ይሆን?» አለችኝ አንድ ቀን። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ሃያ ሁለት ወርጄ ስኳር አልባ የሚል ጁስ ገዛሁ። የሚጣፍጠው በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነው። ሐኪሙን በስልክ ብጠይቀው «ከዚያኛው ይሻላል፤ አታብዙት እንጂ» አለኝ። ጎረቤታችን ጋ አንኳኩቼ ካርቶኑን ሰጠኋቸው።

«ነገ ይሄን ይዘው ይምጡ። ከእኔ መሆኑን አይንገሯት።»

በማግስቱ ማታ በሩን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አየሁ። የእናቴ ፊት በርቷል።

«እንዳትቆጪ! ጎረቤታችን መጥታ ስንጫወት ዋልን። መቼም እጇን አጣጥፋ አትመጣ!»

ካልተቆጣሁ ትጠረጥራለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የገዛሁትን ካርቶን አነሳሁና፣ ጀርባውን እያነበብኩ ተቆጣኋት።